ተለያይቶ የማያድር ብረት

ጂንካ ውስጥ ስንሠራት የከረምነው ቀለበት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ከአሉሚኒየም የተቆረጠች፣ መሀሏ ክፍት የሆነች ትንሽ ነገር ናት። አውሮፕላን ውስጥ ከመንገደኛ ወንበር እግር ሥር ትገባለች አሉን፤ ወንበሩ እንዳይወዛወዝ። እኔ በአውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። በልጅነቴ አውሮፕላን ማለት ከተማችን መሀል ባለው የሣር ሜዳ ላይ የሚያርፍ፣ ከማረፉ በፊት ከብቱን የሚያባርርለት ሰው የሚሮጥለት ነገር ነበር። እንግዳ ይዞ ይመጣል፣ እንግዳውን ይዞ ይሄዳል። ለዚያ ነገር የሚሆን ብረት አንድ ቀን በእጅሽ ያልፋል ያለኝ ሰው ቢኖር፣ ሰውየው ፀሐይ መትቶታል እል ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። በእኛ በአሪዎች ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የሚሠራውን ሰው ማና ይሉታል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ከእሱ ይገዛሉ፤ ማዕዱን ግን አይቀርቡም። ድሮ ሰው ደጃፋችን ላይ ቆሞ ዕቃውን ይቀበል ነበር እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከተማው ሲያድግ ነገሩ እየላላ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን ዘመርን። ዝማሬው ሲያልቅ ግን ሁሉም ምሳውን ከማን ጋር እንደሚበላ ያውቃል። ማንም “አትምጪ” አይልሽም። “አሁን በላሁ” ይልሻል።

የአባቴን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ብቀጥል የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። ሥራ ሲያበቃ የቀኑን ቁርጥራጭ ሁሉ፣ ብረቱንም መዳቡንም አሉሚኒየሙንም፣ ለቅሞ ወናፉ አጠገብ ባለች አንዲት ገንቦ ውስጥ ይከተዋል። ምን ቢደክመው ይህን ሳያደርግ አይገባም። ብረት ተለያይቶ አያድርም፣ ብረት ተለያይቶ ያደረበት ቤት ሰውም ይለያያል ይላል። የእሱም አባት እንዲህ ይል ነበር። ሌሎች ቀጥቃጮች ይህን ያድርጉ አያድርጉ አላውቅም፤ የእኛ ቤት ወግ ነው። እናቴ ከሞተችና ታላቅ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከቀረ በኋላ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። አንድ ቀን ሳያየው ውጭ የቀረ ቁርጥራጭ ይኖር ይሆን እያለ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን የለየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ሰባኪው ጮክ ብሎ ሲያነብ እኔ በራሴ መጽሐፍ ላይ በጣቴ እየተከተልኩ። አማርኛውም ቢሆን በኋላ የመጣ ነው። በአሪኛ ያሰብኩትን በአማርኛ ስናገር ድሮ ሰው ይስቅ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅና ወሬዬን እቀጥላለሁ። ወሬ ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም።

ወርክሾፑ የገባሁት ለጽዳት ነው። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በመተጋገዝ የተቋቋመ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጓሮ ያለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ከሃና ከተማ የወፍጮ ዘንግ ይመጣል፣ ከካንጋተን የተሰበረ የውሃ ፓምፕ ይመጣል፣ የከተማው ሰው በርና አልጋ ያሠራል። እኔ ወለሉን እየጠረግሁ ቶርኖ ላይ የሚሠራውን ልጅ አይ ነበር። ቶርኖ ብረቱን የሚያሽከረክር፣ ስለቱ ደግሞ ተጠግቶ የሚልጥ ማሽን ነው። ድምፁን ከሰማሁ ስለቱ መደንዘዙን አውቃለሁ፤ ይህን ያወረሰኝ የአባቴ ቤት ነው። ልጁ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ አለቃችን፣ ዝምታ የሚወድ ደግ ሰው ነው፣ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብሎ “እስቲ ሞክሪ” አለኝ። በዚያው ቀረሁ።

ቶርኖው ላይ ቆምኩ እንጂ ማዕዱ ላይ አልተቀመጥኩም። ምሳ ሲደርስ ሠራተኛው ጓሮው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አንድ ትሪ ከቦ ይበላል። እኔ ከማሽኑ ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጬ ከቤት ያመጣሁትን እበላለሁ። ይህን ያዘዘኝ የለም። እንዲያው ቦታዬ እዚያ ነበር። የብየዳው ሰውዬ፣ ከመሀል አገር መጥቶ ጂንካ ሱቅ ከከፈቱ ዘመዶቹ ጋር የሚኖር ቀልደኛ ነው፣ አንዳንዴ ከማንጎው ሥር ሆኖ ቀልዱን እንድሰማው ድምፁን ከፍ ያደርግልኛል። ያ እንደ ማካፈል ይቆጠር ነበር።

የአውሮፕላኑ ነገር የመጣው አዲሱ አስፋልት ማረፊያ ከተሠራ በኋላ ነው። አንድ ቀን አለቃችን ሰብስቦን ሁለት እንግዶች አስተዋወቀን። አንደኛው የመንግሥት ሰው ናቸው፣ ሌላው የአውሮፕላን ዕቃ ከሚያመርት ፋብሪካ የመጣ። ነገሩን ያስረዱን የመንግሥቱ ሰው ነበሩ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ገባው አልገባው እያሉ ፊታችንን እያዩ። እነዚህ ትንንሽ የብረት ዕቃዎች ከውጭ ሲገዙ ዋጋቸው ከቁመታቸው ጋር አይገናኝም፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው አሉ። ስለዚህ መንግሥት ብረቱን ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ ፋብሪካው ንድፉንና ተቆጣጣሪውን ይሰጣል፣ እንደኛ ያሉ ወርክሾፖች ደግሞ እጃቸውን። በየአካባቢው ተሞክሮ የሆነለት ቋሚ አቅራቢ ይሆናል።

የብየዳው ሰውዬ እንግዶቹ ገና ከግቢው ሳይወጡ፣ ትናንት ወፍጮ ጠገንን፣ ዛሬ አውሮፕላን፣ ነገ ደግሞ ጨረቃ ተሰንጥቃለች በይዱልን ይሉናል አለ። ሁላችንም ሳቅን። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ረጃጅም የአሉሚኒየም ዘንጎች በመኪና መጡ፤ አብራቸውም ተቆጣጣሪዋ መጣች።

ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲያናግራት ፊት ለፊት የምታይ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ምሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች። ማንጎው ሥር ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን ወደ እኔ መጣች፤ ብቻዬን ስላየችኝ ነው መሰለኝ። ዱካ ስላልነበረ የዘንግ ማሸጊያ ሳጥን ስባ ተቀመጠች። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ጎደሬዬን እያየች ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልነካውም አልኳት። እጇን ሰደደች።

ውጭ ያለው ጨዋታ ቆመ። የብየዳው ሰውዬ በቀልድ አስመስሎ፣ “እህት፣ አገሩን ገና አልለመድሽውም” አላት።

“ጎደሬውንም ገና አልለመድኩት፤ በሱ ልጀምር” አለችው፣ ዞር ሳትል።

ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት ያን ጊዜ አላወቅሁም። በኋላ ስጠይቃት ገብቶኛል አለችኝ። በልጅነቷ፣ በእሷም አገር፣ ሸማኔ ጎረቤት ነበራቸው። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ከወር በኋላ ጓሯችን ውስጥ ባለችው ትርፍ ክፍል ተከራይታ ገባች። ሆቴል ሰልችቷት ነው፤ እኔም ቤቱ ሰው ሲገባበት ደስ አለኝ። አባቴ ያኔ ጉልበቱ ደክሞ ነበር፤ ወናፉን የሚያነሣው አልፎ አልፎ፣ ለቅዳሜ ገበያ አምባር ሊያቀልጥ ብቻ ነው። የበና እና የፀማይ ብሔረሰብ ሴቶች አምባሩን ይወዱለታል። ልጅቷን ሲያይ ግን ተነቃቃ። “አባባ” ትለዋለች፣ በእርስዎ። በአሪ ቀጥቃጭ ቤት “እርስዎ” ተብሎ አያውቅም፤ አባቴ በመጀመሪያ ማንን እንደምታናግር ኋላውን ዞሮ አየ። ማምሻውን ሸፈሮ፣ የቡና ገለባ አፍልተን የምንጠጣውን ማለት ነው፣ በአንድ ቅል እየተቀባበሉ ስለ ብረት ያወራሉ። እሷ ስለ ፋብሪካው እሳት፣ እሱ ስለ ወናፉ። የእሱ አማርኛ አጭር ነው፤ በመሀላቸው ቁጭ ብዬ የጎደለውን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ አንዳንዱን ከራሴ ጨምሬበታለሁ። ሲስቁ ደስ ይለኝ ነበር።

አለቃችን አንድ ቀን ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። ሙከራው ከተሳካ ሥራው እዚህ ይቀራል፣ ተቆጣጣሪዋም ትቀራለች። ካልተሳካ ዘንጉም ንድፉም እሷም ይመለሳሉ። ሌላው ስለ ደመወዙና ስለ ወርክሾፑ ስም አሰበ። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንድትቀር። ቶርኖው ላይ ስቆም፣ ስለቱን ስስል፣ ቀለበቷን በካሊፐር ስለካ፣ በልቤ የማወራው ይህንኑ ነበር። ይህቺኛዋ ልክ ከሆነች አንድ ቀን አተረፍኩ እላለሁ። ልክ ሳትሆን ስትቀር ስለቱን እንደገና ስዬ ሌላ እጀምራለሁ።

ቀለበቷን ከሞላ ጎደል ለመድናት። ዋጋውን የሚያወርደው ግን ቀለበቷ ብቻ አልነበረችም። ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ከቶርኖው ሥር ጎንበስ ብላ እየተጠማዘዘ የወደቀውን ፍቅፋቂ በእፍኟ አነሣችና “እትዬ፣ ከዘንጉ የሚበልጠው እኮ ይኼ ነው” አለችኝ። እውነቷን ነበር። ዘንጉን ልጠን ልጠን የምናተርፈው ትንሽ ነገር ነው፤ የቀረው ፍቅፋቂ ሆኖ ወለል ላይ ይወድቃል። ፋብሪካው ያን መልሶ አቅልጦ እንደገና ዘንግ ያደርገዋል። ከውጭ የሚገባው ብረት የሚቀንሰው በዚያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ አለመደባለቅ። የዘንጉ ዓይነት ሁለት ነበር፤ አንዱ ለቀለበቷ፣ ሌላው ጠንከር ያለው ለወንበሩ ማጠፊያ ዘንግ። በዓይን ቢታዩ መንታ ናቸው። አንዱ ከሌላው ጋር ከቀለጠ ግን ለአውሮፕላን የሚሆን ነገር አይወጣውም። ስለዚህ የአንዱን ጆንያ በቀይ ክር፣ የሌላውን በሰማያዊ ክር እያሰርን እናስቀምጣለን።

ክረምቱ ሲበረታ የወርክሾፑ አጥር ወደቀ። ቁራሌው፣ ያረጀ ዕቃ የሚገዛው ሰው፣ በተሰበረው አጥር በኩል ወደ ጆንያዎቹ ማየት ሲያበዛ አለቃችን አጥሩ እስኪሠራ ድረስ ቤት ውሰዱት አለን። ቤታችን ቅርብ ነው። የአባቴ የድሮ መቀጥቀጫ ጎጆ ደረቅ ነው፣ በሩም ይቆለፋል። እዚያ አስገባናቸው፤ ባለ ቀይ ክሮቹን በአንድ ግድግዳ፣ ባለ ሰማያዊዎቹን በሌላው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ዓይኑ ከቀዩ ወደ ሰማያዊው ይመላለሳል። የቤታችን ወግ ለእኔ ትዝም አላለኝ፤ ብረት ነው፣ ጎጆውም የብረት ቤት ነው።

መስከረም ሲጠባ ተቆጣጣሪዋ ከፋብሪካው ስልክ ተደወለላት። ሰዎቹ ሊወስኑ እየመጡ ነው። እራት ላይ ነገረችን። እየሳቀች፣ ካልወደዱት እኔም ዕቃዬን ሸክፌ መሄዴ ነው አለች። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። ምን አለች ብሎ በአሪኛ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት፤ ያን ጊዜ ምንም አልጨመርኩበትም። “ትሄዳለች?” አለኝ። ምናልባት አልኩት።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። እሷ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ወጣች፤ እኔ ገበያ ወረድኩ። ገበያው ሞልቶ ነበር፤ ለእሷ ኮረሪማና ማር ገዛሁ። እናቷ ጋ ብትሄድ እንኳ ይዛው እንድትሄድ፣ ባትሄድም ቤት ውስጥ እንዲኖር። ስመለስ አባቴ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ላብ አጥምቆታል፣ ክንዱ ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ ተለጥፎ ያበራል። ፊቱ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች የማውቀው ፊት ነው። ቤቱን አስተካክያለሁ አለኝ። አጽድቶ ይሆናል ብዬ አመሰገንኩት። ውኃ አፈሰስኩለት፣ ታጠበ።

ሰኞ ጧት ጆንያዎቹን ለመጫን እኔና እሷ ጎጆውን ከፈትን። ቀዩም ሰማያዊውም ክር ተፈቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ፍቅፋቂው ሁሉ ጎጆው መሀል ከተነጠፈ ሸራ ላይ ተዘርግፎ አንድ ክምር ሆኗል፤ በደንብ ታምሷል፣ እንደ እህል። ባዶዎቹ ጆንያዎች ታጥፈው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። አባቴ ከኋላችን መጣ።

እጇን ክምሩ ውስጥ ከተተች። አወጣችው። አየችው። ሊለይ እንደማይችል ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

“አባባ፣ እርስዎ ነዎት?” አለችው።

አባቴ ያን አጭር አማርኛውን ሰብስቦ መለሰላት። “እኔ ነኝ። ተለያይቶ አደረ፣ ብዙ ቀን። አንቺ ትሄጃለሽ አለችኝ፣ ልጄ። እንዳትሄጂ ነው።”

የቤታችንን ወግ ከእኔ ሰምታ ነበር፤ አንድ ማምሻ እንደ ተረት ነግሬያታለሁ። ስለዚህ ትርጉም አላስፈለጋትም። መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህም አይፈረድባትም። ክሮቹን ከመሬት አነሣችና ቀና አለች።

“ደግ አደረጉ፣ አባባ” አለችው። ጉልበቱንም ሳመችው።

እሱ ደስ ብሎት ሸፈሮ ሊያስፈላ ሄደ። እሷ ወደ እኔ ዞራ በዝግታ “እንዳትነግሪው፤ ዕድሜ ልኩን እንዳትነግሪው” አለችኝ። አልነግረውም አልኳት። ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷ በመሀረቧ ክንዴ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ስትጠርግልኝ ነበር።

መለየት አይቻልም ወይ አልኳት። ፋብሪካው ውስጥ የብረቱን ዓይነት የሚናገር መሣሪያ አለ፣ ግን ፍቅፋቂውን አንድ በአንድ እየለቀሙ ለመሣሪያው ማሳየት ከብረቱ ዋጋ ይበልጣል አለችኝ። ዋጋ እንዲወርድ የተጀመረ ሥራ ነው።

ሰዎቹ መጡ። ቀለበቶቹን ለኩ፤ የፋብሪካው ሰው መነጽሩን አውልቆ እንደገና ለካ። ቀለበቶቹ ላይ ቅሬታ የለንም አለ። ከዚያ ፍቅፋቂውን ጠየቀ። እሷ አለቃችንን ቀድማ ተናገረች። ተደባልቋል፣ ጥበቃው የእኔ ኃላፊነት ነበር፣ የተደባለቀውም በእኔ ጊዜ ነው አለች። ማን ደባለቀው ብለው አልጠየቁም፣ እሷም አልተናገረች። አለቃችን ወደ እኔ አየት አደረገና መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ያዘችኝ።

የመንግሥቱ ሰው ተከራከሩልን። ሰዎቹ ሥራውን ችለውታል፣ የወደቀው አጥር ነው፣ አንድ ዓመት እንጨምርላቸው አሉ። የፋብሪካው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ሳይቆጣ መለሰ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዘንጉን አምጥቶ ፍቅፋቂውን መመለስ ራሱ ወጪ ነው፤ ያን ወጪ የሚሸፍነው ፍቅፋቂው ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ለአለቆቼ የማሳየው ነገር የለኝም አለ። ተነጋግረው ሥራው ሁሉ ከማቅለጫው አጠገብ ወዳለ ከተማ እንዲሰበሰብ ወሰኑ። አባቴ ባይደባልቀው ኖሮ መንገዱ ብቻውን ይጥለን ነበር ወይ? እስካሁን አስባለሁ። አንዳንድ ቀን ይጥለን ነበር እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን አይ እላለሁ።

የተደባለቀውን ፍቅፋቂ ትተውልን ሄዱ። ለእነሱ የማይረባ ለአምባር ይሆናል፤ አባቴ እስኪያልቅ ድረስ እያቀለጠ ሸጠው። ገበያ ውስጥ የአንዷ ክንድ ሲያበራ ሳይ፣ ይኼ እንግዲህ ሰማይ ላይ መዋል የነበረበት ነው እላለሁ ለራሴ። ለማን እነግረዋለሁ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው የመጨረሻ የሥራ ቀን ማንጎው ሥር ያሉት ሁሉ ትሪውን አንሥተው ከቶርኖው ጀርባ መጡ። ሐሳቡ የብየዳው ሰውዬ ነው። ተጠጋግተን በላን። ቀልዱም ነበረ፣ ጉርሻም ነበረ፤ እሱ ራሱ አጎረሰኝ። በማግስቱ ትሪው ወደ ማንጎው ተመለሰ። እሱ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከዚያ ሆኖ “እንብላ” ይለኛል፤ “ብሉ፣ ብሉ” እለዋለሁ። ሌላው ቢቀር “እንብላ”ውን አትርፌያለሁ።

ለእኔ የቀረበልኝ ሌላ ነገር ነበር። በአዲሱ ቦታ ቶርኖ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል፣ ተናግሬልሻለሁ፣ አብረሽኝ ነይ አለችኝ። የምትኖርበትን ቤት ሳይቀር አስባበታለች፤ እኔ መስኮት ያለውን ክፍል እንድወስድ። ያን መስኮት ዛሬም አንዳንዴ አየዋለሁ፣ አይቼው ባላውቅም። አባቴን ማን ጋ እተወዋለሁ? ይዤው ብሄድ ወናፉና የእናቴ መቃብር ጂንካ ነው፤ ጥዬው ብሄድ ማን አብሮት ይበላል? አልሄድም አልኳት። አባቴ ራሱ ሂጂ አለኝ። ሲለኝ ግን ፊቱን አዙሮ ነው።

ማረፊያው ድረስ ሸኘኋት። ማርና ኮረሪማውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ነጠላውንም አልመለሰችልኝም፣ ለበሰችው። አጥሩ ጋ ቆሜ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ እስኪገባ አየሁ። ከብት የሚያባርር ሰው አልነበረም። ቤት ስመለስ አባቴ ጎጆው ውስጥ፣ ክምሩን ወደ ጆንያ መልሶ፣ ባዶውን ሸራ ያጥፋል።

“ዘግይቼ ነው” አለኝ በአሪኛ። “ቀደም ብዬ ብደባልቀው ኖሮ አትሄድም ነበር።”

ቃሌን ሰጥቻለሁ። “ምን ታደርገዋለህ፣ አባ” አልኩት። ሸራውን በአንድ በኩል ይዤ አሳጠፍኩት።

ይህን ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ይለኝ ነበር። ዘግይቼ ነው፣ ዘግይቼ ነው። እያንዳንዱን ጊዜ እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። ወሬ የምወድ ሴት ነኝ፤ ያላወራሁት ያን ብቻ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ስለ አንድ ነገር ሲያዝን፣ አንዱ ግን የሚያዝንበትን ሲሳሳት፣ አብሮ ማልቀስ እንኳ አይቻልም። እሱ በአንድ በኩል ያለቅሳል፣ አንቺ በሌላ።

በመጀመሪያው ዓመት በየእሑዱ ትደውላለች። ስልኩን ለአባቴ እሰጠዋለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እስከ ከተማዋ እንዲሰማ፣ “በላሽ?” ይላታል። ከዚያ በየበዓሉ ሆነ። ከዚያ አገባች፣ ወለደች። ሰው ይህን ሲያደርግ ስልክ ይቀንሳል፤ አልተቀየምኳትም።

አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ሰው ከለቅሶው ተበትኖ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ደወልኩላት። መርዶውን ሰምታ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሲወጣላት ስለ ሥራው ጠየቅኋት። ሥራው ተሳክቷል፤ ቀለበቷ ከውጭ መምጣት አቁማለች፣ ፋብሪካውና መንግሥት ሌሎች ዕቃዎችም ጨምረዋል። ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ ልቤ ግን እየመታ፣ ያ ቶርኖ ላይ ያለው ቦታ አሁንም ይኖር ይሆን ወይ አልኳት።

“እትዬ፣ ቶርኖው እኮ ተነሥቷል። አሁን በኮምፒውተር የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ ልጆች ናቸው የሚይዙት። ምነው ያን ጊዜ” አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

“ያን ጊዜማ አባቴ ነበረ” አልኳት።

“አባባ ያን ነገር አወቁ?”

“አላወቀም።”

“ተመስገን” አለች። ከኋላዋ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። መጥተሽ ጠይቂኝ አለችኝ፣ ልጄን አታዪልኝም ወይ አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ነጠላሽን አለብሳታለሁ፣ አድጋ ትለብሰዋለች አለችኝ፣ ልጇን ማለቷ ነው። ሂጂ አጥቢያት አልኳትና ስልኩን ቀድሜ ዘጋሁት፤ እሷ ቀድማ እንዳትዘጋው።

ከዚያ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቆምኩ። የምጠራው ሰው አልነበረም። ከካንጋተን የመጣ የፓምፕ ዘንግ ወርክሾፑ ውስጥ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ በሩን ቆልፌ ወደዚያው ወረድኩ።